ከአይሲዩ የወጡ አዛውንት የት ያገግሙ? ዎርድ፣ ጅማ ቤት፣ ገጠር ወይስ አዲስ አበባ

«ነገ ትወጣለች» አለን ሐኪሙ። እህቴ እዚያው ኮሪደር ላይ አለቀሰች። እኔ ስልኬን አነሳሁ። አዲስ አበባ ላለው ወንድማችን፣ ሰቃ ላሉት አክስቶቻችን፣ ለእድሩ ዳኛ ሳይቀር ደወልኩ። ማታ ደስታው በረድ ሲል ግን አንድ ጥያቄ መጣ። የት ነው የምንወስዳት?

እናታችን 74 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ጅማ ነው። በሳንባ ምች 11 ቀን አይሲዩ (ጽኑ ሕክምና ክፍል) ተኝታለች። ከዚያ ውስጥ 6ቱን ቀን በመተንፈሻ ማሽን ነበር የምትተነፍሰው። ሁላችንም «እኔ ጋ ትምጣ» አልን። ሁላችንም ከልባችን ነው። የመረጥነው የወንድሜን የአዲስ አበባ ቤት ነበር። ስህተት ሆነ፤ ለማረም ሁለት ወር ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ከአይሲዩ የወጣለት የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነበርኩ። ያየሁትንና ያነበብኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ቤት የሚመረጠው በስፋቱ አይደለም። ለትልቅ ሆስፒታል በመቅረቡም አይደለም። ቀን ላይ ማን አለ? ከአልጋ የሚያስነሳ፣ የሚያዋራ፣ ሽንት ቤት የሚያደርስ ሰው የት ይገኛል? ለአብዛኛው ታማሚ ምርጫውን የሚወስነው ይኼ ነው። ይኼ የማይሠራባቸው ሁኔታዎችም አሉ፤ ስንደርስባቸው እነግራችኋለሁ።

ወደ ቤት የምትወስዱት ማንን ነው?

ብዙዎቻችን ከአይሲዩ የወጣ ሰው ዳነ ብለን ነው የምናስበው። በሕይወት መውጣቱ እውነት ነው። ግን ያስገባችሁት ሰውና የምታስወጡት ሰው ለጊዜው አንድ አይደሉም።

በጡንቻ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የለንደን ጥናት በጽኑ የታመሙ ሰዎችን የጭን ጡንቻ በአልትራሳውንድ ለካ። በ10 ቀን ውስጥ በአማካይ ወደ 18 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። አስሩ ቀን እናቴ ከተኛችበት ያነሰ ነው። «ምነው እግሯ እንደ ሸንበቆ ሆነ?» ያለችው አክስቴ በዓይኗ የለካችው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ አእምሮ አለ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ 821 የአይሲዩ ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። ሁሉም አዛውንት አልነበሩም። ከወጡ ከ3 ወር በኋላ ሲፈተኑ 40 በመቶዎቹ የማስታወስና የማሰብ አቅማቸው መካከለኛ የጭንቅላት አደጋ እንደደረሰበት ሰው ሆኖ ተገኘ። ከዓመት በኋላም 34 በመቶዎቹ እዚያው ላይ ነበሩ። አይሲዩ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የቃዡት የባሰ ተጎድተው ነበር። ስለዚህ አባታችሁ የልጅ ልጃቸውን ስም ቢያምታቱ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። «መንፈስ ነው» ብላችሁም አትደንግጡ። ጸበልም ይሁን ዱዓ አትከልክሏቸው። መድኃኒቱን ግን አታስቁሙ።

ሦስተኛው ፍርሃትና ሐዘን ነው። ሌሊት መባነን፣ ብቻ መሆንን መፍራት፣ ምንም ነገር አለመፈለግ። የሙያው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2012 እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አድርገው ስም አወጡላቸው። በእኛ ቋንቋ «ከጽኑ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ሕመም» ብንለው ያስኬዳል። ቤተሰብንም እንደሚይዝ በዚያው ተጽፏል። እህቴ ለሦስት ወር የስልክ ጥሪ በሰማች ቁጥር ልቧ ይመታ ነበር። ስም እንዳለው የነገራት ሰው አልነበረም።

ከመታመማቸው በፊት እንዴት ነበሩ?

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ተነጋገሩ። ከመታመማቸው ከአንድ ወር በፊት ሐሙስ ገበያ ሄደው ዘንቢል ተሸክመው ይመለሱ ነበር? ወይስ ከግቢ አይወጡም? ወይስ ልብስ ለመልበስም ሰው ያስፈልጋቸው ነበር? ቀጥሎ የሚመጣውን ከዕድሜው በላይ የሚናገረው ይህ ነው።

አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ 70 እና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች ከመታመማቸው በፊት ጀምሮ በየወሩ እየደወለ የሚከታተል ጥናት አለ። አይሲዩ ከገቡት ከግማሽ በላዩ ወይ ሞተዋል፣ ወይ ከበፊቱ ደክመው ቀርተዋል። አስቀድሞ ጠንካራ የነበረው ሰው የተሻለ ዕድል ነበረው። በሕይወት ከወጡትና አቅማቸው ከቀነሰው ውስጥ ደግሞ 52 በመቶ ያህሉ በ6 ወር ውስጥ ወደ ቀድሞ አቅማቸው ተመልሰዋል። ሁለት ነገር አነበብኩበት። አንደኛ፣ መመለስ አለ። ሁለተኛ፣ የሚለካው በሳምንት ሳይሆን በወር ነው። ዕድሜው 80ን ሲያልፍ ይከብዳል። ካናዳ ውስጥ በተደረገ ሌላ ጥናት ከዓመት በኋላ በሕይወት ኖረው ወደ ቀድሞ የአካል አቅማቸው የተመለሱት ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው።

የኮኔቲከቱ ጥናት ያገኘው አንድ ትንሽ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ገረመኝ። ጆሮና ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ቶሎ አላገገሙም። የእናቴ መነጽር አይሲዩ ስትገባ በፌስታል ተደርጎ ለእኛ ተሰጠን። ለአምስት ሳምንት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ማንም ትዝ አላለው። አምስት ሳምንት ሙሉ ፊታችንን በደንብ ሳታይ «ምነው ሰው አትለይም?» እያልን ስንጨነቅ ነበር። የትኛውንም ቤት ምረጡ፤ መነጽሩን ዛሬ ስጧቸው።

ዎርድ ትንሽ መቆየት

ዎርድ ማለት ከአይሲዩ ሲወጡ የሚተኙበት የሆስፒታሉ መደበኛ መኝታ ክፍል ነው። ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ጊዜ ምርጫው በእጃችሁ አይደለም። አልጋው ይፈለጋል። ግን ከሦስቱ አንዱ ካለ «ትንሽ ቀን ይጨመርልን» ብላችሁ ጠይቁ። ያለ ኦክስጅን አየር የሚያጥራቸው ከሆነ። ውሃ ሲጠጡ ትን የሚላቸው ከሆነ። ወይም ሌሊት ሌሊት ቱቦ እየነቀሉ ከአልጋ የሚወርዱ ከሆነ። እነዚህ ሦስቱ ቤት ሲገቡ ነው የሚብሱት።

ከዚህ ውጭ ያለምክንያት ዎርድ ማርዘም አይጠቅምም። እንቅልፍ የለም። ኢንፌክሽን አለ። አልጋ ላይ በተኙ ቁጥር እግራቸው ይብሱን ይከዳቸዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት ግን የመድኃኒቱን ወረቀት ይዛችሁ ሐኪሙን አስቁሙት። እኛ 9 ዓይነት መድኃኒት የተጻፈበት ወረቀት ተሰጥቶን በጥድፊያ ወጣን። አንዱ አይሲዩ ውስጥ እንድትረጋጋ የተጀመረላት ነበር። እስከ መቼ እንደሚወሰድ የነገረን የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትፈዝ ዋለች። በመጨረሻ የሰፈር ፋርማሲ ባለሙያዋ ናት «ይኼኛው አሁንም ያስፈልጋታል?» ብላ ወደ ሐኪም የመለሰችን። አይሲዩ ተጀምረው ሳያስፈልጉ ቤት ድረስ የሚከተሉ መድኃኒቶች የተለመዱ ናቸው። የማስተኛና የማረጋጊያ መድኃኒት፣ የጨጓራም ሊሆን ይችላል። ስለ እያንዳንዱ «ለምንድን ነው? እስከ መቼ?» በሉ። በራሳችሁ ግን አታቁሙ።

ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ካለም ከአልጋ እንዴት እንደሚነሱ በእጁ ያሳያችሁ። ይህን ቪዲዮ ቅረጹት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ሙከራ፣ ገና ማሽን ላይ እያሉ እንቅስቃሴ ከተጀመረላቸው ሰዎች 59 በመቶዎቹ ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው ነበር። ካልተጀመረላቸው 35 በመቶ ብቻ። «ይረፉ» የምንለው ነገር አንዳንዴ ጉዳት ነው።

ጅማ ቤት

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ማገገሚያ ተቋም ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት 65 ዓመት የሞላቸውን ተከታትሎ ነበር። ወደ ተቋም ከተላኩት 24 በመቶዎቹ በ6 ወር ውስጥ ሞተዋል፤ ቤታቸው ከገቡት 7.5 በመቶ። ይህ ቤት ያድናል ማለት አይደለም። ወደ ተቋሙ የተላኩት ቀድሞውኑ የደከሙት ናቸው። የነገሩን ክብደት ግን ያሳያል፤ ከአይሲዩ በኋላ ያሉት 6 ወራት ቀልድ አይደሉም። እኛ አገር ለአብዛኛው ሰው የማገገሚያ ተቋሙ የልጅ ሳሎን ነው።

ሳሎኑ ግን መዘጋጀት አለበት። የጅማ ቤት ትልቁ ችግር ሽንት ቤት ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ ከቤት ውጭ ነው፤ የመሬት ነው፤ ለብዙ ተከራይ የጋራ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ጤነኛውንም ያንሸራትታል። ጭኑ የሳሳ ሰው ቁጢጥ ብሎ መነሳት አይችልም። መፍትሔው ርካሽ ነው። ጠንካራ የእንጨት ወንበር ግዙና አናጢ መሃሉን ይብሳው። ከሥሩ ፖፖ ይቀመጣል። ከአልጋው አጠገብ ይሁን። የእኛው ወንበር ከሁሉም መድኃኒት በላይ ክብሯን መለሰላት። ዳይፐር ቀላል ይመስላል፤ ግን መነሳት የሚችል ሰው ዳይፐር ውስጥ ሲለምድ መነሳት ይተዋል።

አልጋው ከፍ ያለ ይሁን። ፍራሽ መሬት ላይ ካለ መነሳት ተራራ መውጣት ይሆናል። ራሳቸው የማይገላበጡ ከሆነ በየ2 ሰዓቱ ጎናቸውን አዙሩ። ወገብና ተረከዝ ላይ የቀላ ቦታ ካያችሁ የአልጋ ቁስል መጀመሪያው ነው።

ከዚያ ምግብ። አዛውንት ሲታመሙ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 75 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አጥሚት ብቻ እያጠጣን «በደንብ እየበላች ነው» ማለታችን ስህተት ነበር። አጥሚቱን በወተት፣ ገንፎውን በእንቁላል፣ ሽሮውን ወፈር አድርጉት። የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። ጾም ላይ የሚጣሉ ቤተሰቦች አውቃለሁ። የንስሐ አባታቸውን ወይም ሼኻቸውን ቤት ጋብዟቸው። «የታመመ ይፈቀድለታል» የሚለውን ከልጅ ሳይሆን ከእሳቸው አፍ ሲሰሙ ነው የሚበሉት። ትን የሚላቸው ከሆነ ደግሞ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቀጭን ነገር ከወፍራም ይልቅ ትን ይላል። ውሃ ከገንፎ ይከብዳል ማለት ነው፤ እኛ ተቃራኒውን ነበር የምናስበው።

አሁን ደግሞ የጅማን ጥቅም ልንገራችሁ። ቡና ነው። ዛፉን ማለቴ አይደለም። ጎረቤት ለጎረቤት «ቡና ጠጡ» የሚባባለውን ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ ጎረቤቶቿ ቡናውን እኛ ቤት አዞሩት። ቡና ሲመጣ ተኝቶ መቀበል ነውር ነው። ስለዚህ ተነስታ ትቀመጣለች። ነጠላዋን ትለብሳለች። ማን እንደወለደ፣ የማን ልጅ አረብ አገር እንደሄደ ትጠየቃለች፤ ትመልሳለች። እሷ አማርኛም ኦሮምኛም ትናገራለች፤ ከጎረቤቶቿ ጋር በኦሮምኛ ነው የምትስቀው። በቀን ሁለቴ ለአንድ ሰዓት መቀመጥ፣ ማስታወስ፣ መመለስ። ፊዚዮቴራፒስቱ ሲያያት «ማን ነው ያሠራት?» አለ። ምን ብዬ ልንገረው? ሲኒው እርግጥ ከቀትር በኋላ ይቀንስ፤ እንቅልፍ ይነሳል። ከሰሉም ኦክስጅን ካለበት ክፍል ይራቅ።

ጠያቂ ግን ሌላ ነገር ነው። ቡና የሚያጠጣና ጠያቂ አንድ አይደሉም። ሃያ ሰው አልጋ ከቦ «አቤት ከሳሽ!» እያለ ሲያለቅስ ታማሚዋ የቀብሯን ቀን ያየች ይመስላታል። ሰዓት አውጡ። የሚያስል ሰው በር ላይ ይመለስ። ያስከፋል፤ ይክፋው።

ጅማ ሌላም ጥቅም አላት። ተመላላሽ ክትትሉ በባጃጅ የሚደረስ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሸነን ጊቤም እዚሁ ናቸው። የጤና መድን ደብተር ካላችሁ የሚሠራው ውል ባላቸው ተቋማትና በሪፈር ሰንሰለቱ ነው። ጤና ጣቢያችሁን ዘላችሁ ብትሄዱ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ወረቀቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ገጠር

«አገሬ ውሰዱኝ» ይላሉ። ሰቃ፣ አጋሮ፣ ዴዶ፣ ሊሙ። ምኞቱን አትናቁት። አየሩ ንጹሕ ነው። ወተትና እንቁላሉ ከጓሮ ነው። ሰው ይበዛል። ሁሌ አንድ ሰው ቤት አለ። በዚህ መለኪያ ገጠር ከከተማ ይበልጣል።

ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። መንገዱ ክረምት ላይ መኪና ያስገባል? ከአስፋልቱ እስከ በሩ በቃሬዛ የሚኬድ ከሆነ ሌሊት ትንፋሽ ቢያጥራቸው ምን ታደርጋላችሁ? ማዕድ ቤቱና መኝታው አንድ ጣሪያ ሥር ነው? ከሳንባ ምች ለወጣ ሰው የእንጨት ጭስ መርዝ ነው። መርፌ ወይም ቁስል መጥረግ የሚያስፈልግ ከሆነ ጤና ጣቢያው ስንት ደቂቃ ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ አግኙ። ቤት ለቤት የምትሄድ እሷ ናት። አንድ መልእክት ደርሷት ስትጠብቅና ሳታውቅ ስትቀር ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የእኔ ሐሳብ? የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ጅማ፣ ከዚያ ገጠር። ራሳቸው ከወንበር መነሳት ከቻሉ፣ ቁስል ከሌለ፣ መንገዱ ከደረቀ። ይህን ቅደም ተከተል ብዙ ቤተሰብ ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ገጠር ይወስዳሉ፤ ሲብስባቸው ወደ ጅማ ያመጣሉ።

አዲስ አበባ

የእኛ ስህተት ይኼ ነበር። የወንድሜ ቤት ያምራል። ውሃው ከቧንቧ ነው፣ ሽንት ቤቱ የቁጭታ ነው፣ ሆስፒታሉ በየመንገዱ ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። ጠዋት ሁሉም ሥራና ትምህርት ቤት ይሄዳል። እናቴ ከሠራተኛዋ ጋር ትቀራለች። ልጅቷ ደግ ናት፤ ግን ምሳ መሥራትና ልብስ ማጠብ አለባት። ቴሌቪዥን ይከፈትላታል። እናቴ በሁለት ወር ውስጥ ደረጃውን አራት ጊዜ ብቻ ወረደች፤ አራቱንም ተሸክመዋት። ስትሄድ በሁለት ሰው ተደግፋ ትቆም ነበር። ስትመለስ መቆም ትታ ነበር። ወንድሜ ጥፋት የለበትም። ቤቱ ነው ባዶ የነበረው።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች። አዲስ አበባ ከዚያ 600 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ሳንባው ገና ላልዳነ ሰው ግን ኦክስጅኑ በትንሹም ቢሆን ይወርዳል። ጅማ ላይ ያለ ኦክስጅን የዋለ ሰው እዚያ ሲደርስ ሊያጥረው ይችላል። ይህን ማንም አልነገረንም።

ጉዞውም አለ። በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጊቤ በረሃ ወርዶ መውጣት አለው። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ መሄድ እግር ላይ ደም ያረጋል። በየሰዓቱ ተኩል አቁሙ፤ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ። አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ግን የአውሮፕላን ውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ሊሳሳ ይችላል። ኦክስጅን የሚፈልግ ሰው አየር መንገዱን አስቀድሞ ማሳወቅና የሐኪም ፈቃድ መያዝ አለበት።

አዲስ አበባ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። እዚህ የማይገኝ ሕክምና ካለ፣ ለምሳሌ የተለየ ቀዶ ሕክምና ወይም የልብ ሥራ፣ አታመንቱ። ሪፈሩን ያዙና ሂዱ። ያኔ እንኳ «ለሕክምናው እንሄዳለን፣ ለማገገሙ እንመለሳለን» ብላችሁ ተነሱ።

ኦክስጅን ቤት የሚያስፈልግ ከሆነ

የሰው እጅ ይበልጣል ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም። አንድ ጎረቤታችን አባታቸውን ኦክስጅን ማምረቻ ማሽን ገዝተው ቤት አስገቡ። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው። የጅማን መብራት ታውቁታላችሁ። አንድ ማታ በ3 ሰዓት ጠፋ። መጠባበቂያ ሲሊንደር አልነበረም። ሽማግሌውን በባጃጅ ይዘው ሮጡ። እግዜር ይመስገን፣ ደረሱ። እንዲህ ካለ ምርጫችሁ ሁለት ነው። ወይ ሲሊንደርና ማሽን ሁለቱንም መያዝ፣ ወይ ዎርድ መቆየት። በጣት የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያም ግዙ። ከስንት ሲወርድ መደወል እንዳለባችሁ ሐኪሙ በቁጥር ይጻፍላችሁ። «ሲደክማቸው አምጧቸው» የሚል መልስ አትቀበሉ።

ማን ያስታምም?

ሦስት ዓይነት አስታማሚ አለ። የቤተሰብ ሰው፣ ተቀጣሪ ሠራተኛ፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ። ነርስ ለቁስል፣ ለመርፌ፣ ለቱቦ ነው። አንድ ሰዓት መጥቶ ይሄዳል። ቀሪዎቹን 23 ሰዓታት አይሸፍንም። ብዙ ሰው ነርስ ቀጠርኩ ብሎ የሚያርፈው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው።

ተቀጣሪ ከሆነ ሥራዋን አትደርቡባት። ወይ ታስታምም፣ ወይ ታብስል። ማንሳትና ማዞር የሚያሳያት ሰው ይኑር፤ አለዚያ ወገቧ ይሰበራል። ወንድ አባት ከሆኑ ወንድ አስታማሚ ፈልጉ፤ ብዙዎቹ ሴት ልጅ ስታጥባቸው ያፍራሉ፤ ሽንታቸውን ይይዛሉ።

የቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ሁሌ አንዲት ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ያላገባችው ላይ። ይህን በግልጽ ተነጋገሩት። እኛ ተራ አወጣን። አዲስ አበባ ያለው መምጣት ካልቻለ ገንዘብ ይልካል። እህቴ እሑድ እሑድ ከቤት ትወጣለች፤ የትም ትሂድ፣ አይጠየቅም።

የቀኑ ሥራ ቀላል ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ከወንበር አምስት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ። መጀመሪያ ተደግፎ፣ ቀጥሎ የወንበሩን እጀታ ይዞ። ቀን መጋረጃ ይከፈት፣ ማታ ይዘጋ። ሰዓትና የቀን መቁጠሪያ በዓይን የሚታይ ቦታ ይሰቀል። «ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ጅማ ነሽ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ» ማለት አይሰልቻችሁ።

ወደ ሆስፒታል የምትመለሱበትንም እወቁ። ትንፋሽ ከወትሮው ሲፈጥን። ቀኑን ሙሉ ሽንት ሳይወጣ ሲውል። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ። ብርድ ብርድ ሲላቸው። ከሁሉም በላይ ትናንት ሲያወሩ የነበሩ ሰው ዛሬ በድንገት ሲቃዡ። አዛውንት ኢንፌክሽን ይዟቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት መቃዠት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዳግም ቢታመሙስ? አይሲዩ ወይስ ቤት?

ይህን ማንም ማንሳት አይወድም። «አፍህን በዳቦ» ይባላል። ግን እነሱ መናገር ሲችሉ ነው የሚጠየቁት።

ቁጥሮቹ እንዲህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ21 የአውሮፓ አገሮች 80 እና ከዚያ በላይ የሆናቸው ከ5,000 በላይ የአይሲዩ ታማሚዎች ተጠንተው ነበር። 22 በመቶዎቹ እዚያው አይሲዩ ውስጥ ሞቱ፤ በ30 ቀን ውስጥ ሲሦ ገደማ። በዚያው ዓመት የወጣ የፈረንሳይ ሙከራ ደግሞ 75 ዓመት የሞላቸውን 3,037 ሰዎች ያካተተ ነው። አዛውንትን አዘውትሮ አይሲዩ ማስገባት በ6 ወር ውስጥ የሚሞተውን ቁጥር አልቀነሰውም።

ከዚህ ተነስቼ «አታስገቡ» አልልም። እናቴ የገባችው አይሲዩ ነው ያተረፋት። ከመታመሙ በፊት ገበያ የሚሄድ፣ አንድ የሚድን በሽታ ይዞት የመጣ ሰው ካለ አይሲዩ ይገባዋል። አስቀድመው አልጋ ላይ የቀሩ፣ ሰው የማይለዩ፣ ሦስት አራት በሽታ የተደራረበባቸው ከሆኑ ግን ሌላውንም ምርጫ ሐኪሙ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁ። ቤት ሆነው ሕመማቸው እየታገሠ፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው ማለት ነው። ይህ መተው አይደለም። ብዙ ሥራ ያለበት ምርጫ ነው።

አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቁ። «ብትሞቺ…» ብላችሁ አትጀምሩ። እኔ አንድ ከሰዓት፣ ጎረቤቶቹ ሲኒ አጥበው ሲወጡ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ያን ጊዜ ሆስፒታል ምኑ ነው በጣም የከበደሽ?»

ማሽኑን ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ትንሽ አሰበች። «እጄን ያሰሩኝ» አለች። «ማሽኑንስ ለምጄው ነበር። ዳግመኛ ቢያስገቡኝ አንዳችሁ ቁጭ ብላችሁ እጄን ያዙልኝ እንጂ አታስሩኝ በላቸው።»

የመድኃኒቷ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ቀኑንም አሰፈርኩ። አሁን ከጤና መድን ደብተሯ ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ ነው ያለው።